«ዋሽቻለሁ» ብላ የፈረመችው ልጅ

በማርች 2011 የሊንውድ ከተማ ፖሊሶች አንዲት ወጣት ፈልገው አገኙ። ይዘውላት የሄዱት ዜና የደፈራት ሰው መያዙን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የከፈለችው 500 ዶላር ይመለስላታል ተባለች። በስሟ ያለው የወንጀል መዝገብም ይሰረዛል። የምክር አገልግሎት የት እንደምታገኝ የሚገልጽ ወረቀት ሰጧት።

ድንጋጤ፣ እፎይታና ንዴት አንድ ላይ መጡባት። 500 ዶላሩን ያስከፈሏት «ተደፈርኩ ብላ ዋሽታለች» ብለው ከሰዋት ነው። አልዋሸችም ነበር።

ሊንውድ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ከሲያትል በስተሰሜን ያለች ከተማ ናት። ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የተጎጂዋን ስም አልጠራም፤ «ልጅቷ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ነገሩ ሲደርስባት 18 ዓመቷ ስለነበር በሕግ ዓይን አዋቂ ነበረች። አጠገቧ እናትም አባትም ለሌላት የ18 ዓመት ሰው ግን «አዋቂ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ታሪኩ ራሱ ያሳያል።

ይህን ጉዳይ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጉቦ የበላ ፖሊስ የለበትም። ወንጀለኛውን ለማስመለጥ የሞከረም የለም። ሁሉም ሥራውን በትክክል እየሠራ የመሰለው ሰው ነው። የሚያስጨንቀኝም ይኼው ነው። ቅን ሰው ሳያውቅ የሚሠራው ስህተት ከሆነ የትም ጣቢያ፣ ነገ ጠዋት ሊደገም ይችላል።

ኦገስት 11 ቀን 2008

ልጅቷ ያደገችው በአሳዳጊ ቤተሰቦች ቤት ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትዛወር ኖራለች። 18 ሲሞላት ከዚያ ሥርዓት ወጣች። እንደሷ ያሉ ወጣቶች ራሳቸውን እንዲችሉ የሚያግዝ አንድ ፕሮግራም አፓርታማ አገኘላት። የራሷ ቁልፍ፣ የራሷ ሥራ፣ የለማጅ መንጃ ፈቃድ። ፎቶ ማንሳት ትወድ ነበር። ኑሮዋ ገና መልክ እየያዘ ነበር።

ሰኞ ንጋት ላይ አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ መኝታ ክፍሏ ገባ። በገዛ ጫማዋ ክር አሰራት። ዓይኗን ሸፈነ። ደፈራት፤ ፎቶም አነሳት። ለፖሊስ ከተናገረች ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ እንደሚለቃቸው አስፈራርቷት ሄደ። እሷም እንደምንም መቀስ አግኝታ ክሩን ቆረጠች። የምታውቃቸው ሰዎች ጋ ደወለች። ፖሊስ መጣ።

የእኔ ጉዳይ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

መዝገቡን የያዘው መርማሪ ሳጅን 39 ዓመቱ ነበር። አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በፓትሮልና በአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ነው። ወደዚህ ኃላፊነት ከመጣ ገና ሳምንታት ቢሆነው ነው። ከዚያ በፊት የያዘው የመድፈር መዝገብ አንድ ወይም ሁለት ነው። ይህን ያነሳሁት ሰውየውን ላሳንስ ብዬ አይደለም። አንድ ሰው ያልሠለጠነበት ሥራ ላይ ሲመደብ የመደበው አለቃ አለ፤ በጀቱን ያጸደቀ ምክር ቤት አለ። እንዲህ ያለው ስህተት ሲወራ ግን የእነሱ ድርሻ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ቤቱ ውስጥ የሚታይ ነገር ጠፍቶ አልነበረም። በኋላ በኩል ያለው በረንዳ መከታ አቧራ ለብሶ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አቧራው ተነካክቷል። ቢላዋው ከራሷ ኩሽና የተነሳ ነው። ሆስፒታል የመረመሯት ባለሙያዎች የእጅ አንጓዋ ላይ መላላጥ አይተው ጽፈዋል። ሌላም የአካል ጉዳት መዝግበዋል።

የደረሰባትን ደጋግማ ተናገረች። መጀመሪያ ለደረሰው ፖሊስ ነገረች። ከዚያ ለመርማሪው። ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ። ከዚያ ጣቢያ ሄዳ እንደገና ለመርማሪው። በመጨረሻ ደግሞ ጽፈሽ አምጪ ተባለች። እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር፣ ያንኑ ነገር አምስት ጊዜ።

አምስቱ ቃሎች በጥቃቅን ነገር ተለያዩ። ስልክ የደወለችው ታስራ ሳለች ነው ወይስ ክሩን ከቆረጠች በኋላ? አንድ ጊዜ እንዲህ ብላለች፤ ሌላ ጊዜ እንዲያ። መርማሪው ልዩነቱን አስተዋለ። ማስተዋሉ ጥፋት አልነበረም። የመርማሪ ሥራ ነውና። ጥፋቱ የመጣው ልዩነቱን የውሸት ምልክት አድርጎ ሲወስደው ነው።

እስቲ እናስበው። ቢላዋ የተደገነበት ሰው ቢላዋውን አይረሳም። ድምፁን፣ ሽታውን፣ ጣሪያው ላይ የነበረውን ብርሃን ላይረሳ ይችላል። መጀመሪያ ስልኩን ይሁን መቀሱን ያነሳው ግን ሊምታታበት ይችላል። ፍርሃት የሚተክለውን በጥልቅ ይተክላል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ይበትነዋል። ያልተኛ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። እዚያው አሜሪካ ውስጥ አንድ ፖሊስ ሰው ላይ ሲተኩስ ዓለም አቀፉ የፖሊስ አዛዦች ማኅበር ምን እንደሚመክር ልብ በሉ። ሙሉ ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይሰጠው ይላል። ተኝቶ፣ ተረጋግቶ እንዲያስታውስ። የታጠቀ፣ የሠለጠነ ሰው ይህ ዕረፍት ካስፈለገው ለ18 ዓመት ልጅ እንዴት አያስፈልጋት?

ሁለቱ እናቶች

ከጉዳዩ ሁሉ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ክፍል ይህ ነው።

ልጅቷ ከዚህ ቀደም ያሳደጓት ሁለት ሴቶች ነበሩ። ሁለቱም ይወዷታል። በዚያ ጠዋት የደወለችውም ለእነሱ ነው። ሁለቱም ግን ጥርጣሬ ገባቸው።

አንደኛዋ ስትሰማት የቴሌቪዥን የወንጀል ድራማ የምትተርክ መሰላት። ልጅቷ የሰው ትኩረት ትፈልጋለች ብላ ታስብ ነበር። ሌላኛዋን ያሳሰባት እርጋታዋ ነው። ስለ መደፈሯ ስትናገር ስሜት የሌላት መሰለች። በኋላ አዲስ የአልጋ ልብስ ሊገዙ አብረው ወጡ። ልጅቷ ልክ የበፊቱን ዓይነት ካላገኘሁ ብላ ተናደደች። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ያንኑ አልጋ ልብስ እንዴት ይፈልጋል? አሳዳጊዋ ይህን አሰበች።

እኔ ሳነበው ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ይህች ልጅ የራሴ የምትለው ቤት ያገኘችው ገና ነው። አልጋ ልብሱ ከዚያ ቤት ነው። ያ ሰው ከወሰደባት ነገር ቢያንስ አንዱን እንዳለ መመለስ ፈልጋ ይሆናል። ልክ ልሁን አልሁን ማንም ሊያረጋግጥልኝ አይችልም። ነጥቡም እሱ ነው። ሰው ከጥቃት በኋላ ያለቅሳል፤ ይስቃል፤ ዝም ይላል፤ ዕቃ ያጥባል፤ ይተኛል። ከሁኔታው ተነስቶ እውነቱን ማንበብ አይቻልም።

የመጀመሪያዋ አሳዳጊ ፖሊስ ጋ ደወለች። ስሜ አይነሳ፣ ግን ልጅቷ የፈጠረችው ይመስለኛል አለች። ያደረገችው በክፋት አይደለም፤ ፖሊስ በከንቱ እንዳይደክም ብላ ነው። መርማሪው ይህን ስልክ ሊጽፈው፣ ከሌላው መረጃ ጎን ሊያስቀምጠው ይችል ነበር። ከጎኑ የአንጓዋ መላላጥ አለ። የበረንዳው አቧራ አለ። ቢላዋው አለ። ሚዛኑን የደፋው ግን ስልኩ ነው። የምታውቃት ሰው ካላመነቻት እኔ ለምን አምናታለሁ የሚል ስሜት ይመስለኛል። የቤተሰብ ጥርጣሬ አስተያየት እንጂ ማስረጃ አይደለም። ይህን ልዩነት ለአንድ መርማሪ ማስተማር ብዙ ጊዜ አይወስድም። በዚያ ጣቢያ ማንም አላስተማረም።

ኦገስት 14 እና 18

ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ መርማሪው ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ ልጅቷን ወደ ጣቢያ ወሰዳት። ጥያቄው ስለ ደፋሪው አልነበረም። ስለ እሷ ነበር። ቃልሽ ይጋጫል አሏት። የቅርብ ሰዎችሽም አላመኑሽም አሏት። ከጎኗ የተቀመጠ ጠበቃም፣ የተጎጂዎች ደጋፊም አልነበረም።

እስኪ ራሳችሁን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጡ። ስትፈጠሩ ጀምሮ አዋቂዎች ስለ እናንተ ሲወስኑ ኖረዋል። ቤት የሚሰጡትም የሚወስዱትም እነሱ ናቸው። አዋቂ ሲቆጣ የሚፈልገውን ብሎ መገላገልን ተምራችኋል። ሁለት ፖሊሶች ከፊታችሁ ተቀምጠው መልሱ አንድ ብቻ ነው እያሉ ነው።

መጀመሪያ «ሕልም ሊሆን ይችላል» ብላ ጻፈች። አልበቃም። ለምን ፈጥሬዋለሁ ብለሽ አትጽፊም አሏት። ጠረጴዛውን እየመታች የሆነ ነው የሚመስለኝ አለች። «የሚመስለኝ» የሚለው ቃል ራሱ ተያዘባት። በመጨረሻ ፈጥሬዋለሁ ብላ ፈረመች። ፖሊሶቹ እንዳዩት ከዚያ በኋላ ቀለል አላት። ከዚያ ክፍል መውጫውን ሲያገኝ ማን አይቀለውም?

ከአራት ቀን በኋላ ግን ተመልሳ መጣች። አልዋሸሁም፣ የእውነት ነው አለች። ይህ ቀን ነገሩን ሊያድነው ይችል ነበር። የፈረመችውን ቃል ለመሻር ጣቢያ ተመልሳ የመጣች ልጅ ናት። የውሸት መመርመሪያ ማሽን ላይ እቀመጣለሁ እስከማለት ደረሰች። አንደኛው መርማሪ የመለሰላት ይህን ነው፦ ማሽኑ ላይ ከወደቅሽ እስር ቤት ትገቢያለሽ፤ የቤት ድጋፍሽ እንዲቋረጥም ለፕሮግራሙ እነግራለሁ።

የቤት ድጋፍሽ። ሌላ ጣሪያ ለሌላት ልጅ። ቃሏን እንደገና ዋጠች።

ስለ ማሽኑ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2005 ባደሰው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከት ሕግ ውስጥ ይህን የሚከለክል አንቀጽ አለ። የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኝ ግዛት የወሲብ ጥቃት ተጎጂን ምርመራው እንዲቀጥል ከፈለግሽ ማሽኑ ላይ ተቀመጪ ማለት የለበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማሽኑ የሚለካው የልብ ምትን፣ ትንፋሽንና ላብን ነው። የተደፈረ ሰው ስለ መደፈሩ ሲጠየቅ ልቡ ባይመታ ነው የሚገርመው።

ከክሱ በኋላ

በዚያው ወር መጨረሻ የሐሰት አቤቱታ አቅርበሻል ተብላ ተከሰሰች። እስከ አንድ ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ክስ ነው። ከዚያ በፊት ግን ፕሮግራሙ አንድ ነገር አደረገ። ሌሎቹን ወጣቶች ሰበሰበና መሀላቸው ቆማ ዋሽቻለሁ እንድትል አስደረጋት። ደንቡም ጠበቀባት።

የድጋፍ ሰጪ ሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች ይህን አንቀጽ ቆም ብላችሁ እንድታነቡት እለምናለሁ። የፕሮግራሙ ሠራተኞች ዳኛ አልነበሩም። መርማሪም አልነበሩም። ሥራቸው አንድ ነው፤ ልጅቷ ቤት እንዲኖራት፣ እንድትበላ፣ ሐኪም እንድታገኝ ማድረግ። ፖሊስ «ውሸት ነው» ሲላቸው የፖሊስን ጥርጣሬ ወደ ራሳቸው ቤት አስገቡት። ከዚያ በኋላ የምትሮጥበት አልቀረም። ድጋፍ ሰጪ ድርጅት ፖሊስ ምንም ይበል ምን አልጋውን አይነሳም፤ ይህ በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ መሆን አለበት። የተጎዳውን ሰው ለመርዳት የወንጀሉ ማስረጃ እስኪሟላ አይጠበቅም። ቁስል የሚያክም ሐኪም በሽተኛውን በማን ተመታህ ብሎ እስኪያረጋግጥ አይጠብቅም።

ዜናው በቴሌቪዥን ተነገረ። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ የነበረች ልጅ ውሸታም የሚል ገጽ ከፈተችባት። ሥራዋን መቀጠል አቃታት።

በማርች 2009 ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማማች። ለአንድ ዓመት በክትትል ሥር ትቆያለች። የስነልቦና ሕክምና ትከታተላለች፤ «ለዋሸችው» ማለት ነው። 500 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ ትከፍላለች።

ሰውየው በዚህ ሁሉ ጊዜ ነጻ ነበር። በኦክቶበር 2008፣ ከሊንውድ ሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ እዚያው አካባቢ ከርክላንድ በምትባል ከተማ አንዲት የ63 ዓመት ሴት በተመሳሳይ መንገድ ተደፈረች። እዚያም የጫማ ክር ነበር። የከርክላንድ ፖሊሶች መመሳሰሉን አይተው ሊንውድ ደወሉ። ያ ጉዳይ ሐሰት ነበር፣ ተዘግቷል ተባሉ።

አንድ መዝገብ «ሐሰት» ተብሎ ሲዘጋ የሚጎዳው ባለ መዝገቡ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ማስረጃ አልተሟላም ቢባል ኖሮ መዝገቡ መደርደሪያ ላይ ይቆይ ነበር። ጎረቤት ከተማ ሲደውል ተነስቶ ይነበብ ነበር። «ማረጋገጥ አልቻልንም» እና «አልሆነም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሊንውድ በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር ብዙ ጊዜ ይስተው ነበር። ከ2008 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ከቀረቡለት 47 የመድፈር አቤቱታዎች 10ሩን መሠረተ ቢስ ብሎ ዘግቷል። 21.3 በመቶ ነው። ተመሳሳይ የሕዝብ ቁጥር ባላቸው አካባቢዎች የአገሪቱ አማካይ 4.3 በመቶ ነበር።

ኮሎራዶ

ጃንዋሪ 5 ቀን 2011። ከዋሽንግተን በጣም ርቃ በምትገኘው ኮሎራዶ፣ ጎልደን ከተማ። አንዲት የ26 ዓመት ተማሪ በቤቷ ውስጥ ለአራት ሰዓት ያህል ተደፈረች። የመጣችላት መርማሪ ስቴሲ ጋልብሬዝ ትባላለች።

ብርድ ነበር። ጋልብሬዝ ተማሪዋን ይዛ መኪና ውስጥ ገባች፤ እዚያ ሙቀት አለ፣ ሰው አይሰማም። ታሪኩን በሰከነ ሁኔታ አስነገረቻት። ተማሪዋ በጣም የተረጋጋች ነበረች። ልብ በሉ፤ ሊንውድ ላይ ጥርጣሬ የጫረው እርጋታ ይኼው ነው። ጋልብሬዝ ግን የተደፈሩ ሴቶች ሁሉም ዓይነት ሁኔታ እንደሚያሳዩ ከሥራዋ ታውቃለች። ፊቷን በጥጥ ጠርጋ ናሙና ወሰደች። ከዚያ ወደ ሐኪም።

የዚች መርማሪ አሠራር በሁለት ቃል ይገለጻል፤ ስሚ፣ ከዚያ አጣሪ። ተጎጂን ዝም ብለህ እመን አትልም። ተጠራጠርም አትልም። መጀመሪያ ሙሉውን ስማ፣ ከዚያ የተባለውን አንድ በአንድ ሄደህ ፈትሽ ነው የምትለው። ማጣራቱ ተጎጂዋን ይደግፋል፤ ቃሏ እውነት ከሆነ ማስረጃው ይወጣላታልና። ሊንውድ ላይ የተጣራችው ልጅቷ ናት እንጂ የተናገረችው ነገር አልነበረም።

ያን ምሽት ጋልብሬዝ ቤቷ ስትገባ ለባሏ ነገረችው። እሱም በአቅራቢያው ባለች ዌስትሚኒስተር ፖሊስ ነው። እኛም ጋ እንዲህ ያለ ነገር አለ አላት። በማግስቱ የዌስትሚኒስተሯን መርማሪ ኤድና ሄንደርሾትን አገኘቻት። ሄንደርሾት እጇ ላይ ካለው መዝገብ ሌላ በኦሮራ ከተማም ተመሳሳይ ጉዳይ እንዳለ አውቃ ነበር። ሌክውድ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት በመስኮት ዘልላ አምልጣለች። አራት ከተሞች መረጃቸውን አንድ ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። የእኔ መዝገብ፣ የእኔ ክብር ያለ ሰው አልነበረም። በቪዲዮ የተያዘ ነጭ ማዝዳ ፒክአፕ፣ የሰውየው እግር ላይ ያለ ምልክት፣ ዲኤንኤ። በስድስት ሳምንት ውስጥ፣ ፌብሩዋሪ 13፣ ማርክ ኦሊሪ የሚባል የቀድሞ ወታደር ተያዘ።

ከሊንውድ በኋላ ቢያንስ አምስት ሴቶች ላይ ጥቃት አድርሷል።

ጋልብሬዝ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች ስታይ አንዲት የማታውቃት ወጣት አየች። ከኮሎራዶ ተጎጂዎች አንዷ አይደለችም። አንዱ ፎቶ ላይ የልጅቷ ደረት ላይ የለማጅ መንጃ ፈቃዷ ተቀምጧል። ስሙም አድራሻውም ይነበባል። ሊንውድ፣ ዋሽንግተን።

ኦሊሪ በኮሎራዶ 327 ዓመት ተኩል ተፈረደበት። በ2012 ዋሽንግተን ውስጥ በከርክላንድና በሊንውድ ጉዳዮች 68 ዓመት ተኩል ተጨመረበት። ከእነዚያ ውስጥ 28 ዓመት ተኩሉ በልጅቷ ላይ ላደረገው ነው።

ያን ጠዋት እንደገና ብንጀምረው

የሊንውድ ፖሊስ ጉዳዩን በውጭ ሰው አስመረመረ። የመረመረው ሊንውድ የምትገኝበት የስኖሆሚሽ ካውንቲ (አውራጃ) ሸሪፍ ቢሮ ሳጅን ነበር፤ በዚህ ሥራ የቆየ ሰው። ያገኘውን አላለዘበም። ልጅቷ የተናዘዘችው ተገዳ ነው አለ። በእስርና በቤት ማስፈራራቱ ለማመን በሚከብድ ደረጃ ከሙያው ሥነ ምግባር የወጣ ነው አለ። ጥቃቅን ልዩነት በተጎጂዎች ቃል ውስጥ የተለመደ መሆኑንም ጻፈ። ፖሊስ ለፖሊስ እንዲህ ሲጽፍ ማየት ብርቅ ነው፤ ከዚህ ጉዳይ ተስፋ የሰጠኝም አንዱ ይህ ነው።

ከተማዋም አሠራሯን ለወጠች። መርማሪዎች ስለ ተጎጂዎች ሁኔታ ተጨማሪ ሥልጠና ያገኛሉ። ተጎጂ ወዲያው ደጋፊ ባለሙያ ይመደብላታል። የማያሻማ ማስረጃ ሳይኖር አቤቱታ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። በሐሰት አቤቱታ ለመክሰስም የበላይ አለቃ ማየት አለበት። ልጅቷ ከተማዋን ከሳ በ2014 በ150,000 ዶላር ተስማሙ።

እኔ ግን ወደዚያ ሰኞ ጠዋት ልመለስ። በዓለም ላይ ዛሬ የሚታወቀው አሠራር በዚያች ቀን ቢኖር ምን ይመስል ነበር?

መጀመሪያ የደረሰው ፖሊስ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ደህና ነሽ? ሰውየው በየት ሄደ? ምን ለብሷል? በቃ። ሙሉውን ታሪክ አያስነግራትም። ሆስፒታል ሳይደርሱ ደጋፊዋ ተጠርታለች። ይህች ሴት ለፖሊስ አትሠራም፤ ልጅቷ የነገረቻትን ለመርማሪ አታቀብልም። ሥራዋ አጠገቧ መሆን ነው። ውሃ፣ ልብስ፣ የሚቀጥለው ምን እንደሆነ ማስረዳት። ሐኪም ስለ ምርመራው ነግሯት፣ ፈቅዳ፣ የማትፈልገውን ትታ ይመረምራታል።

ሙሉ ቃሏን የምትሰጠው ከተኛች በኋላ ነው። አንድ ጊዜ። ለሠለጠነ ሰው። እየተቀረጸ። ጥያቄው «ለምን እንዲህ አላደረግሽም» አይሆንም። «የምታስታውሺውን ንገሪኝ፤ የማታስታውሺውን አላስታውስም በይ» ነው። የስልኩና የመቀሱ ነገር ካልገጠመ መርማሪው በገርነት መልሶ ይጠይቃል። ያልገጠመ ነገር ካለ ያልገጠመ ብሎ ይጽፈዋል። ከዚያ በረንዳውን፣ ክሩን፣ ቢላዋውን ይዞ ይሠራል። ለጎረቤት ከተሞችም ይደውላል።

ይህ ሕልም አይደለም። ለሕፃናት ከተጀመረ ቆይቷል። በ1985 በአላባማ፣ ሀንትስቪል ከተማ፣ ቡድ ክሬመር የሚባል ዐቃቤ ሕግ ፖሊሱን፣ ሐኪሙን፣ የማኅበራዊ ሠራተኛውን ወደ ልጁ የሚያመጣ ማዕከል አቋቋመ። ልጁ ከቢሮ ቢሮ እየተንከራተተ ያንኑ ነገር እንዳይደግም ነው። አይስላንድ በ1998 የልጆች ቤት ብላ ተመሳሳዩን ጀመረች፤ የሰሜን አውሮፓ አገሮችም ተከተሏት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ልጁ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ባለሙያው ይመላለስ።

ችግሩ ዕድሜው ነው። 17 ዓመት ከ11 ወር የሆናት ልጅ እንዲህ ያለ ቤት ልትገባ ትችላለች። 18 ከሞላት ያው አስፈሪ ክፍል፣ ያው የብረት ወንበር። የዚህን ጉዳይ ልጅ ያጠቃትም ይኼው ክፍተት ነው። ለሕፃን አሮጊት፣ ለአዋቂ ሕፃን ነበረች። ከአሳዳጊ ቤት የወጡ፣ ከቤተሰብ የተጣሉ፣ ዶርም የሚኖሩ፣ ብቻቸውን የሚከራዩ ወጣቶች ሁሉ እዚያ ክፍተት ውስጥ ናቸው። በልጆች ማዕከል ላይ የተጻፈው ዕድሜ ከፍ ቢል፣ ቢያንስ እስከ 24 ወይም 25 ድረስ ያው የአንድ ጊዜ ቃል፣ ያው ደጋፊ ቢኖር፣ ትልቅ ወጪ አይመስለኝም። 

ለቤተሰብ ደግሞ የምለው አጭር ነው። ከጠረጠራችሁ ለፖሊስ ከመደወላችሁ በፊት ዝም በሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን። አብራችኋት ተቀመጡ። መመርመር የእናንተ ሥራ አይደለም። ስሜት የላትም ብላ የጠረጠረችው አሳዳጊዋ እውነቱን ካወቀች በኋላ ልጅቷን ይዛ ወደ ጫካ መንገድ ወጡ። እየተራመዱ ስለተጠራጠረቻት ይቅርታ ጠየቀቻት። ልጅቷ ወዲያው ይቅር አለቻት። ከሌላኛዋ ጋር መታረቁ የበለጠ ጊዜ ወሰደ።

ልጅቷ በኋላ አገባች፤ ልጆችም ወለደች። ስቴሲ ጋልብሬዝ ጋ ደውላ አመሰገነቻት። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድም አወጣች።